«ከምን ጋር ነው ያመሳሰልከው?»

በዓመታዊው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያህ አንድ የሚጠቅመን ነገር ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ትልልቅ ነገር ነበር። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወራ ጭብጨባ እንደማገኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ግቢ በር በገባሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ይሆናል፦ ሁለት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠን አንድ ሥራ፣ አንዱንም ሳናጠፋ፣ እንዴት እናመሳስለዋለን?

«ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ቢሮው ዴስክቶፕ፣ ቤቱ ላፕቶፕ፣ ኪሱ ፍላሽ ያለው ሰው ሁሉ ጉዳዩ ነው። «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻው» የሚሉ ፋይሎች ያላችሁ እጃችሁን አውጡ ብላችሁ፣ ከመምህራኑ ረድፍም ብዙ እጅ የሚወጣ ይመስለኛል።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ፤ የአማካሪዬ የምርምር ረዳትም ነበርኩ። አማካሪዬ በሸማ ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አዛውንቶችን እያነጋገሩ ድምፃቸውን ይቀዱ ነበር። እኔ ድምፁን እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። እርሳቸው ደግሞ ያርሙታል፣ ማስታወሻ ይጨምሩበታል፦ ይህ የሙያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ፣ አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ እጃቸው ምን ያሳይ እንደነበር። እኔ የምሠራው በላፕቶፔ፣ እርሳቸው የሚሠሩት በቢሯቸው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ሁለቱም ላይ ሊኑክስ የጫንኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አልለመነኝም።

በዚያ ሰሞን አርሲንክ የሚባለውን ፕሮግራም ተምሬ ልቤ አብጦ ነበር። አርሲንክን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት አውስትራሊያውያኑ አንድሩ ትሪጅል እና ፖል ማከራስ ናቸው። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ፋይሉን እንዳለ አይልክም፤ በሁለቱ ጎን ያለውን በቁራጭ በቁራጭ አነጻጽሮ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። በቀሰስተኛ መስመር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያች ቅዳሜ ቢሮ ሄጄ፣ ላፕቶፔን ከዴስክቶፑ ጋር በኬብል አገናኝቼ፣ አንድ መስመር ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «ዲሊት» የሚለውን አማራጭ ጨመርኩበት፤ ሁለቱ ፎልደሮች ቁርጥ አንድ ዓይነት ይሁኑ ብዬ። ኢንተር ተጫንኩ፣ በደቂቃ ውስጥ አለቀ፣ ካፌ ሄጄ ሻይ ጠጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ተደወለልኝ።

«ልጄ፣ ያለፈው ሳምንት ሥራዬ የት ሄደ?»

«የትኛው ነው ዶክተር? እኔ እኮ ቅዳሜ መጥቼ አመሳስዬልዎታለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ከምን ጋር ነው ያመሳሰልከው?» አሉኝ።

በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። አርሲንክ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ላኪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ላኪው እውነት ነው፤ ተቀባዩ እሱን መምሰል አለበት። «ዲሊት» ስትሉት ደግሞ ላኪው ዘንድ የሌለውን ሁሉ ከተቀባዩ ላይ ያጠፋል። አማካሪዬ በዚያ ሳምንት ራሳቸው የገለበጧቸው አዳዲስ ፋይሎች ላፕቶፔ ላይ አልነበሩም፤ ስለዚህ ጠፉ። ያረሟቸው ፋይሎች ደግሞ በእኔ ያልታረሙ ቅጂዎች ተተኩ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ያልኩትን አደረገ።

የተሰረዘ ፋይል ይመልሳል የተባለውን ሁሉ ሞከርን፤ የተገኘው ቁርጥራጭ ነበር። አብዛኛው ድምፅ በእጃችን ስለነበረ እንደገና ተቀምጠን ገለበጥን፤ ወር ፈጀብን። ሁለት ቃለ መጠይቆች ግን ድምፃቸውም አልነበረም። የመቅጃው ካርድ ሲሞላ «የተገለበጠውን እናጥፋና ቦታ እናግኝ» ተባብለን ነበር። ያንን ሐሳብ ያቀረብኩትም እኔ ነኝ። ወደ ሰዎቹ ተመልሰን ስንሄድ አንዱን አባት አገኘናቸው፤ ደግመው ነገሩን። ሁለተኛው አርፈው ነበር። የእርሳቸው ሁለት ሰዓት ንግግር ዛሬ የትም የለም።

ይህን ታሪክ የምናገረው አማካሪዬን አስፈቅጄ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ንገራቸው፣ ግን መፍትሔውንም ንገራቸው» ስላሉኝ ወደ መፍትሔው እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው መፍትሔ የሚመስለኝ የነበረው በሁለቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ጊዜ መላክ ነበር። አርሲንክ «አፕዴት» የሚባል አማራጭ አለው፤ ተቀባዩ ዘንድ ያለው ፋይል አዲስ ከሆነ አትንካው ማለት ነው። ከላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፕ፣ ከዚያ ከዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፕ፣ ሁለቴም በዚህ አማራጭ፣ «ዲሊትን» ትቶ። ጥሩ ይመስላል። ሁለት ቀዳዳ አለበት። አንደኛ፣ ላፕቶፔ ላይ ሆን ብዬ ያጠፋሁት ፋይል ከዴስክቶፑ ተመልሶ ይመጣብኛል፤ ስንቴ ብቀብረው ይነሣል። ሁለተኛ፣ አንዱን ፋይል ሁለታችንም ነክተነው ከሆነ፣ ዘግይቶ ያስቀመጠው ያሸንፋል፤ የሌላው ሥራ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

ችግሩ ከሥሩ ይህ ነው። አንድ ፋይል እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። እዚህ አዲስ ተፈጠረ? ወይስ እዚያ ተሰረዘ? ሁለቱን ፎልደሮች ብቻ እያዩ ይህን ማወቅ አይቻልም። ሁለት ሰዎች በመሬት ወሰን ሲጣሉ፣ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለፈው ስትስማሙ ወሰኑ የት ነበር?» ብሎ ነው። ያንን የሚያውቅ ከሌለ ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ፋይል ሲመሳሰልም ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ባለፈው ጊዜ ሁለቱ ጎኖች ሲስማሙ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያስታውስ።

ይህን ምስክር የሚይዝ ዩኒሰን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የሠሩት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቤንጃሚን ፒርስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። መምህራን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ፒርስ የፕሮግራም ቋንቋዎች ቲዎሪ ሰው ናቸው። «ፋይል አመሳሳይ ማለት ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በ1998 እ.ኤ.አ. በጥናት ጽሑፍ አንስተው፣ ፕሮግራሙ ማድረግ የሚገባውንና የማይገባውን በሒሳብ ቋንቋ ገልጸዋል። ተግባርና ቲዎሪ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ እንዲህ ነው።

ዩኒሰን በእያንዳንዱ ማመሳሰል መጨረሻ ላይ የሁለቱን ጎን ሁኔታ በማህደር ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ እያንዳንዱን ጎን ከዚያ ማህደር ጋር ያነጻጽራል። በአንድ ጎን ብቻ የተለወጠውን ወደ ሌላው ያሻግራል። በአንድ ጎን ብቻ የተሰረዘውን በሌላውም ይሰርዛል። ሁለቱም ጎን በየራሳቸው ከለወጡት ግን «ግጭት» ብሎ ያቆማል፤ ራሱ አይፈርድም። ማህደሩ ቢጠፋ እንኳ እንደ መጀመሪያ ጊዜ ቆጥሮ የሚለያዩትን ግጭት ይላቸዋል፣ አንድ ጎን ብቻ ያለውን ወደ ሌላው ይቀዳል እንጂ የሚሰርዘው ነገር የለም። ቀሪው እንግዲህ አማራጮቹን ማወቅ ነው። አጻጻፉ ቀላል ነው፦ «ዩኒሰን» ብላችሁ የአንዱን ፎልደር አድራሻ፣ ቀጥሎ የሁለተኛውን፣ ከዚያ አማራጮቹን፣ እያንዳንዳቸውን ሰረዝ እያስቀደማችሁ።

በመጀመሪያ «አውቶ» እና «ባች» ይመጣሉ። ምንም አማራጭ ካልሰጣችሁት ዩኒሰን እያንዳንዱን ፋይል እያሳየ፣ በቀስት ወዴት ሊወስደው እንዳሰበ እየጠቆመ ይጠይቃችኋል። «አውቶ» ካላችሁት ግጭት የሌለበትን በራሱ ሐሳብ ይቀበላል፣ ግጭቱን ብቻ ይጠይቃል። «ባች» ካላችሁት ደግሞ ምንም አይጠይቅም። ለእኛ ባች ማለት አብሮን ፍሬሽማን የገባ ነው፤ ለዚህ ፕሮግራም ግን «ማንም አጠገቤ የለም፣ ብቻዬን እየሠራሁ ነው» ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ብቻውን ሲሠራም ግጭት ሲያጋጥመው ዘሎ ያልፈዋል፤ ሁለቱም ቅጂ ባለበት ይቆያል። ያቺን ቅዳሜ በዚህ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ የአማካሪዬ አዲስ ፋይሎች ወደ ላፕቶፔ ይመጡ ነበር፣ እኔም ሻዬን በሰላም እጠጣ ነበር።

ቀጥሎ «ፕሪፈር» እና «ፎርስ» አሉ። ወንድማማች ይመስላሉ፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ፕሪፈር» ብላችሁ የአንዱን ጎን አድራሻ ከሰጣችሁት፣ ግጭት ሲኖር ብቻ ለዚያ ጎን ያደላል። «ፎርስ» ግን ግጭት ባይኖርም ልዩነቱን ሁሉ ለዚያ ጎን ይፈርዳል፤ ሌላው ወገን ብቻውን የሠራው አዲስ ሥራ ሳይቀር ይሄዳል። «ፎርስ» ማለት የእኔው የቅዳሜ ትእዛዝ ነው፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ።

«ፕሪፈርን» ከአድራሻ ይልቅ «ኒወር»፣ ማለትም አዲሱ ያሸንፍ፣ ብሎ ማዘዝም ይቻላል። ለዚህ «ታይምስ» የሚለው አማራጭ አብሮ መብራት አለበት፤ የፋይሎቹ ሰዓት አብሮ እንዲጓዝ። ግን ጠይቁ፦ የማን ሰዓት? መብራት በሚመላለስበት ቢሮ የድሮ ዴስክቶፕ የማዘርቦርድ ባትሪው ካለቀ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ጥንት ይመለሳል። የዛሬ ሥራችሁ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ይመስላል፣ ይሸነፋልም። ሌላም አለ። የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ያስተካከለ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ሦስት ሰዓት ጠዋት እንዲል። ለዓይን ደስ ይላል። ለማመሳሰል ግን ያ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከሌላው ማሽን ጋር በግጭት ሲገናኝ ኋላ የተጻፈው ሥራው እንኳ ሊሸነፍ ይችላል። «አዲሱ ያሸንፍ» ከማለታችሁ በፊት ሁለቱም ሰዓት ትክክል መሆኑን እዩ። እኔ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ላይ ጭራሽ አልጠቀምበትም፤ ግጭትን ሰው አይቶ ቢወስን ይሻላል።

ቀጥሎ ስለ መጥፋት። «ኮንፈርም ቢግ ዴል» የሚባለው ሳትነኩት የበራ ነው፤ አታጥፉት። አንደኛው ጎን በሙሉ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ዩኒሰን «እውነት ሁሉም ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በ«ባች» ላይ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ያቋርጣል። ለምን ባዶ ይሆናል? ፍላሹን ሳትሰኩት ስታመሳስሉ! ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን ምንም የለም፤ ለማሽን ይህ «ሁሉም ተሰርዟል» ማለት ነው። ለዚሁ «ማውንትፖይንት» የሚባል ሌላ ጠባቂም አለ። ፍላሹ ላይ መኖር ያለበትን አንድ ፎልደር ትነግሩታላችሁ፤ ካጣው ሥራውን ያቆማል። «ኖዲሊሽን» ደግሞ ከሚጠቀስለት ጎን ምንም እንዳይሰረዝ ይከለክላል። ለማኅደር ክፍል፣ ለተመራቂዎች ጥናት ማስቀመጫ፣ ይህን አማራጭ አጥብቄ እመክራለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው «ባክአፕ» ነው። ዩኒሰን አንድን ፋይል ሲተካ ወይም ሲሰርዝ የቀድሞውን ቅጂ እንዲያስቀር ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ሳታዙት አያደርገውም። በዚህ አማራጭ ስምን ተከትሎ ኮከብ ብታስቀምጡ «ሁሉንም ፋይል» ማለት ነው። ሳትነኩት ሁለት የቀድሞ ቅጂ ይይዛል፤ «ማክስ ባክአፕስ» በሚለው ቁጥሩን ማሳደግ ትችላላችሁ። ያንን አባት የሚያስቀራቸው ይህች አንድ ቃል ነበረች።

ከዚያ «ኢግኖር» አለ፤ ይህን ተወው ማለት ነው። ዎርድ ሰነድ ሲከፈት አጠገቡ የሚፈጥራትን ጊዜያዊ ፋይል፣ የዳውንሎድ ቁርጥራጭ፣ ፊልምና ሙዚቃ። «ፓዝ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከትልቁ ፎልደር ውስጥ ዛሬ ይህን ክፍል ብቻ። ዳታ ቆጥራችሁ ለምትገዙ ሁሉ ሁለቱ ብዙ ገንዘብ ያተርፋሉ።

አሁን ወደ እኛ ሁኔታ። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋስ? ዩኒሰን ሲሠራ ቢቋረጥ ሁለቱንም ጎን ጤነኛ ሁኔታ ላይ እንዲተው ታስቦ የተሠራ ነው፤ አዲሱ ፋይል ተሟልቶ ሳይደርስ የቀድሞውን ቦታ አይወስድም። ተመልሳችሁ ስታስነሡት ከቀረው ይቀጥላል። ኔትወርክ ከሌለስ? ከቤት የቢሮውን ዴስክቶፕ መድረስ ለብዙዎቻችን አይሆንም። ያኔ ውጫዊ ሃርድ ዲስክን መሐል አድርጉት፦ ቢሮ ከዲስኩ ጋር፣ ቤት ከዲስኩ ጋር፤ ቢሮና ቤት በቀጥታ አይገናኙም። ዲስኩ በፋት የተዘጋጀ ከሆነና የምትሠሩት በሊኑክስ ወይም በማክ ከሆነ «ፋት» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ ይህ ካልሆነ ዲስኩ ሊይዛቸው በማይችላቸው የፋይል ፈቃዶች ምክንያት ይጨቃጨቃል። ፋት 32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል እንደማይቀበል አስታውሱ፤ ረጅም የቪዲዮ ቅጂ ላላችሁ።

አንድ ራስ ምታት አልደብቃችሁም። ለብዙ ዓመታት የሁለቱ ኮምፒውተሮች ዩኒሰን ስሪት ካልተመሳሰለ አይነጋገሩም ነበር፤ የተሠሩበት የኦካምል ቋንቋ ስሪት ቢለያይ እንኳ ይኮራረፉ ነበር። አመሳሳዩን ማመሳሰል የሚባል ሥራ ነበረብን ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.52 ይህን ፈትቷል፤ ስለዚህ በሁለቱም ጎን ከዚያ ወዲህ ያለውን ጫኑ።

አማራጮቹን በየጊዜው መጻፍ የሚሰለቻችሁ በአንድ የፕሮፋይል ፋይል አስቀምጧቸው፤ ከዚያ «ዩኒሰን» ብሎ የፕሮፋይሉን ስም መጥራት ይበቃል። ጥቁሩን መስኮት የምትፈሩ ደግሞ በመዳፊት የሚሠራበትም መስኮት አለው። አርሲንክንም አትጥሉት፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲፈለግ ወደር የለውም። ብቻ ከማስነሣታችሁ በፊት «ድራይ ረን» እና «ቨርቦስ» በሚሉት አማራጮች አስሞክሩት፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይዘረዝርላችኋል። ያቺን ቅዳሜ ይህን ብጠይቀው ሊያጠፋቸው የነበሩትን ፋይሎች በስማቸው ይነግረኝ ነበር።

ለማጠቃለል። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ብዙዎቻችን ማመሳሰልን ሁለተኛ ባላ አድርገን እንቆጥረዋለን። አይደለም። የተመሳሰሉ ሁለት ፎልደሮች ሥራቸው አንዱ ሲሰበር ሌላውም እንዲሰበር ማድረግ ነው፤ በስህተት ያጠፋችሁት በታማኝነት እዚያም ይጠፋል። ባላ የሚሆነው ለብቻው የተቀመጠ፣ ማመሳሰሉ የማይደርስበት ቅጂ ነው። አመሳስሉ፤ ከዚያ በየወሩ አንድ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ ሌላ ቤት አስቀምጡ። ኦሪጅናል ድምፅ ደግሞ «ተገልብጧል» ተብሎ አይጠፋም። ካርድ ይገዛል።

መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየትምህርት ክፍሉ የተማሪዎች ጥናት፣ የመስክ ቅጂ፣ የቃለ መጠይቅ ድምፅ አለ። አብዛኛው አንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው። ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። ቢሮ ስትገቡ ረዳታችሁን ጠርታችሁ እኔ የተጠየቅሁትን ጠይቁት፦ ከምን ጋር ነው የምታመሳስለው? በየት አቅጣጫ? የጠፋው የት ነው የሚቀመጠው? መልሱ «እ...» ከሆነ፣ ሥራው ይቁምና መጀመሪያ ይህ ይስተካከል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የነገሩንን ሁለተኛ ጊዜ ላናገኘው እንችላለን።

አማካሪዬ ያን ጊዜ አልጮኹብኝም። ካርድ ገዝተው ሰጡኝ፤ «እንግዲህ ና፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» አሉኝ። ስላላባረሩኝ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ፣ ዶክተር።

የከርሞ ሰው ይበለን።